ኮምፒውተርም እንደ በሬ ጥርሱ ይታይ

በጎንደር ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን ወሬ ብቻ አምኖ ገንዘቡን አይቆጥርም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ስንት ዓመት እንዳረሰ፣ ከእንግዲህስ ስንት ክረምት እንደሚያርስ ከጥርሱ ይገመታል። ቆዳው ቢያብለጨልጭም ጥርሱ ያለቀ በሬ ዋጋ አያወጣም። ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ እስራኤል የገቡ አባቶችና እናቶች ዛሬ በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ ለልጅ ልጆቻቸው ኮምፒውተር ይገዛሉ። በሬ ሲገዙ የማይረሱትን ጥያቄ ግን ኮምፒውተር ላይ ሲደርሱ ይተዉታል። "ይሄ የወጣቶች ነገር ነው" ብለው ለልጁ ወይም ለሻጩ ይለቁታል። ፊርማውና በየወሩ የሚቆረጠው ታሽሉሚም ግን የእነሱ ነው።

ጭቅጭቁ በብዙ ቤት ይታወቃል። ተማሪዋ ልጅ "ማክ ካልሆነ ይቅርብኝ፣ ማክ ዕድሜ አለው" ትላለች። አጎቷ ደግሞ "በአንድ ማክ ዋጋ ሁለት ዊንዶውስ ይገዛል" ይላል። አያትየው መሀል ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ስም ነው። "ይሄ ዕቃ እስከ መቼ ያገለግላል?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ያለበት ግን ይሄ ነው፤ ጠያቂዎቹም ከፋዮቹ ሽማግሌዎች መሆን አለባቸው።

ለመሆኑ የኮምፒውተር ጥርሱ የቱ ነው? እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጆቹ በዕብራይስጥ "ማዓሬኸት ሃፍዓላ" በሚሉት ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ነው፤ ማክ የአፕል ነው፤ ክሮምቡክ የሚባለው የጉግል ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነው። ሌባ በየጊዜው አዲስ ቀዳዳ ስለሚፈልግ ሠሪዎቹ ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ይልካሉ። ልጆቹ "ኢድኩን" የሚሉት ይህንን ነው። ማሻሻያው የሚቆምበት ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ፊልም ያሳያል፤ ነገር ግን በሩ ሳይቆለፍ እንደሚያድር ቤት ነው። በዚያው ኮምፒውተር የባንክ ሂሳብ፣ የኩፓት ሆሊም ውጤትና የቢቱዋህ ለኡሚ ደብዳቤ የሚከፈት ከሆነ አደጋው ለልጁ ብቻ አይደለም፤ ለመላው ቤተሰብ ነው።

ይህ ቀን የሩቅ ወሬ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 መደበኛውን ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ የ1 ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል፤ ለዚህ ግን መመዝገብ ያስፈልጋል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ነጻ ቢሆንም ሁሉም ኮምፒውተር አያልፍም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። 8ኛው ትውልድ ገበያ ላይ የወጣው በ2017 ነው።

ኮሮና በ2020 ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋና ትምህርቱ በዙም ሲሆን ብዙ ወላጅ ያገኘውን ኮምፒውተር በችኮላ ገዝቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያኔ ከተገዙት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ፕሮሰሰራቸው ያረጀው አሁን ይህን በር ማለፍ አይችሉም። ፍርዱ በስም አይደለም። በ2015 ዊንዶውስ 10 የገዛ ሰው 10 ዓመት ተጠቅሞበታል። በ2020 ያረጀ ፕሮሰሰር ያለውን የገዛ ግን 5 ዓመት ብቻ አገኘ። ሁለቱም ዊንዶውስ ናቸው፤ ልዩነቱ ጥርሱ ላይ ነው።

"እንግዲያው ማክ ይሻላል" የሚል ካለ እሱም ትንሽ ይታገስ። አፕል በ2020 መጨረሻ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ትቶ ኤም1 ወደተባለው የራሱ ፕሮሰሰር መሻገር ጀመረ። ነገሩ ለዚህ አገር ሩቅ አይደለም። የአፕልን የፕሮሰሰር ሥራ የመሩት ጆኒ ስሩጂ የሃይፋ ልጅ ናቸው፤ ኢንቴል ደግሞ ከቂርያት ማላኺ በስተደቡብ፣ ቂርያት ጋት ላይ ትልቅ ፋብሪካ አለው። በዚያው በ2020 አፕል ማክቡክ ኤር የሚባለውን ላፕቶፕ ሁለት ጊዜ አወጣ፤ በመጀመሪያ በኢንቴል፣ በኖቬምበር ደግሞ በኤም1። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በመልክ አይለያቸውም። በ2025 የወጣው የማክ አዲስ ስርዓት ግን የኢንቴሉን ማክቡክ ኤር ጥሎ የኤም1ን ተቀበለ። ከዚያም አልፎ ይህ ስርዓት የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው እንደሆነ አፕል አስታውቋል። አፕል አብዛኛውን ጊዜ ለቀደሙት ሁለት ስርዓቶችም የደህንነት ማሻሻያ ስለሚልክ የተጣለው ኮምፒውተር ወዲያው አይሞትም፤ ሆኖም ቀኑ ተቆጥሯል። ታዲያ ያገለገለ ማክ በርካሽ ተገኘ ብሎ የሚሮጥ ሰው የትኛውን እየገዛ ነው?

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ለምሳሌ ያህል ብቻ በግምት ዋጋ እንመልከተው። በ1,800 ሸቀል የተገዛ ደካማ ላፕቶፕ 3 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 600 ሸቀል ያስወጣል። የ4,200 ሸቀል ማክ 7 ዓመት ቢያገለግል እሱም በዓመት 600 ነው። ውዱና ርካሹ እኩል ሆኑ ማለት ነው። የ2,800 ሸቀል ደህና ዊንዶውስ 7 ዓመት ቢቆይ ግን በዓመት 400 ብቻ ነው። በ1,500 ሸቀል የተገዛ፣ 2 ዓመት ብቻ የቀረው ያገለገለ የኢንቴል ማክ ደግሞ በዓመት 750 ይሆናል። ከሁሉም ርካሽ የመሰለው ከሁሉም ውድ ሆኖ ተገኘ። ዋጋውን ለሚቀረው ዓመት ማካፈል ለማንም ሽማግሌ አይከብድም፤ እህልና ከብት ሲገዙ የኖሩ ሰዎች በልባቸው ሲሠሩት የኖሩት ሂሳብ ነው።

የማክ ወዳጆች ባዶ እጃቸውን አይከራከሩም። ማክ ሲሸጥ ደህና ዋጋ ያወጣል፤ የኤም1 ላፕቶፖች ባትሪያቸው ረጅም ሰዓት ይቆያል። አይ.ቢ.ኤም የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ2016 እንደገለጸው፣ ለሠራተኞቹ የሰጠው እያንዳንዱ ማክ በ4 ዓመት ውስጥ ከዊንዶውስ ጋር ሲነጻጸር ከ273 እስከ 543 ዶላር አድኖለታል። ነገር ግን የአይ.ቢ.ኤም ሂሳብ የብዙ ሺህ ሠራተኞችና የባለሙያዎች ደመወዝ ሂሳብ ነው። በገዴራ ሻፒራ ሰፈር ወይም በያቭኔ አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ልጆች የሚገዛ ቤተሰብ ሂሳቡ ሌላ ነው።

የጥገናው ነገርም አለ። በብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ የሰፈር ቴክናይ ባትሪውን፣ ማስቀመጫውን፣ አንዳንዴም ሚሞሪውን ይቀይራል። በአዲሶቹ የማክ ላፕቶፖች ላይ ሚሞሪው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ በኋላ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ማክ የሚገዛ ሰው ለመጨረሻው ዓመት የሚያስፈልገውን ሚሞሪ በመጀመሪያው ቀን መግዛት አለበት። አፕል ራሱ በ2024 መጨረሻ የዚያን ጊዜዎቹን አዳዲስ ማኮች ዝቅተኛ ሚሞሪ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት አሳድጎ ነበር። የአማርኛ ፊደል ደግሞ የመምረጫ ምክንያት አይሆንም። ፊደሉ በ1999 ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይነበባል።

የቤት ሥራ ብቻ ለሚሠራ ልጅ ሌሎቹም መንገዶች ይታዩ። ጉግል ከ2021 ወዲህ ለወጡት ክሮምቡኮች የ10 ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ በ2023 አስታውቋል። ሊኑክስ ደግሞ በ1991፣ ቤተ እስራኤል በዘመቻ ሰሎሞን በገቡበት ዓመት፣ በአንድ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ ነው። ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በነጻ ተጭኖ ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ይጨምራል። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይሠራበትም፤ በመጀመሪያም የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። ቢሆንም ለመጣል የተዘጋጀ ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት መሞከሩ ኪሳራ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን የሽማግሌዎቹ መታለል ነው። ዊንዶውስ 10 ማብቃቱን አይቶ "ኮምፒውተርዎ ጊዜው አልፏል፣ አሁኑኑ ይክፈሉ" ብሎ የሚደውል አታላይ አይጠፋም። ማይክሮሶፍት ሳይጠሩት ስልክ ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ የካርድ ቁጥር ሳይሰጡ መዝጋት ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከሻጭ ጋር ተነጋግሮ ለገዛ ሰው የእስራኤል ሕግ የተለየ ጥበቃ አለው። ዕድሜው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ወይም ኦሌ ሃዳሽ ሆኖ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው ግዢውን በ4 ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ለሌላው ሰው የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ሱቅ ገብተው የገዙትን ኮምፒውተር ግን አንዴ ኤሌክትሪክ ላይ ከሰኩት መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄው ከመሰካቱ በፊት ይጠየቅ።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ "ፕሮሰሰሩ የየትኛው ትውልድ ነው?" በዊንዶውስ ላይ ኢንቴል ኮር አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ7,000 ቤት ከሆነ 7ኛ ትውልድ ነውና ለዊንዶውስ 11 አይሆንም፤ በ8,000 ቤት ከሆነ 8ኛ ነው፣ ያልፋል። በማክ ላይ በስክሪኑ አናት ጥግ ያለችው የፖም ምልክት ስትጫን ኢንቴል ይሁን ኤም1 ታሳያለች። ሁለተኛ፣ "ማሻሻያው እስከ የትኛው ዓመት ይመጣል?" ሦስተኛ፣ "ባትሪውና ሚሞሪው ይቀየራል? አህራዩቱስ በጽሑፍ ነው?" ሻጩ ለሦስቱ መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ አለ።

በሦስቱም ከተሞች ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ በሠራዊቱ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች አሉ። ሽማግሌዎች በየማትናሱ በወር አንድ ቀን እነዚህ ወጣቶች ተቀምጠው ሰው ሊገዛ ያሰበውን ኮምፒውተር እንዲያዩለት፣ አሮጌውንም እንዲፈትሹለት ቢጠይቁ ብዙ ሺህ ሸቀል ከየቤቱ አይወጣም። ወጣቱም ለታላቁ ጠቃሚ በመሆኑ ይከበራል።

ማክም ይሁን ዊንዶውስ፣ ስሙ ለልጁ ደስታ ይተው። ዕድሜውን ማስላት ግን የከፋዩ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ዕብራይስጥ ባይቀናም፣ የኮምፒውተር ትምህርት ባይኖርም፣ የበሬን ጥርስ አይቶ የገዛ እጅ ይህንንም መጠየቅ አያቅተውም።