እስስቷን ተዋት፣ ተራራውን ላክላት

ከገለምሶ የጻፈልን ወንድማችን ጥያቄው በፍቅር ይጀምርና በስሚንቶ ያልቃል። ወዳጁ ሥራ አግኝታ አዲስ አበባ ገብታለች። የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ነው። «አረንጓዴ ነገር ናፈቀኝ» አለችው። እሱም አሮጌ የመስታወት ሣጥን አግኝቶ፣ ከኋላው የጨርጨርን ገደል አስመስሎ ሠርቶ፣ እስስት ጨምሮበት ሊልክላት ነው። «እስስቷ የገደሉን ቀለም ትይዛለች አይደል?» ሲል ይጠይቀናል።

አትይዝም፣ ወንድሜ። እስስት ከኋላዋ ያለውን እያየች የምትቀባ ቀለም ቀቢ አይደለችም። ቀለሟን ይበልጡን የሚለዋውጠው ሙቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ቁጣዋና ፍርሃቷ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ቆዳዋ ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሟ ይቀየራል። በተዘጋ መስታወት ውስጥ ግን አየር ያጥራታል፣ የራሷን ምስል እያየች ትጨነቃለች። ምግቧስ? ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ዝንብ ልታሳድድላት ነው? በዚያ ላይ የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ደሞ እስቲ አስበው፣ ለምትወዳት ልጅ እስስት መላክ «ተለዋዋጭ ነሽ» ብሎ ከመሳደብ በምን ይለያል?

ተራራው ግን ግሩም ሐሳብ ነው። ዕፅዋት ብቻ አድርግበት። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም በ1829 እ.ኤ.አ. የእሳት እራት እስክትፈለፈል ብሎ በተዘጋ ጠርሙስ እርጥብ አፈር ላይ ቢያስቀምጣት፣ ከአፈሩ ፈርንና ሣር ብቅ አለ። ውሃ ሳይጨመርበት ለዓመታት ኖረ፤ የተነነው ውሃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይመለሳልና። ሥራ ለምትውል ልጅ ይሄ ነው የሚሆናት።

ድንጋይ በቀጥታ አትለጥፍ፤ ከገለምሶ ጭሮ፣ ከጭሮ አዲስ አበባ ሲንገጫገጭ መስታወቱን ይሰብረዋል። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም በኋላው መስታወት ልክ ቁረጥ። በሣጥኑ አፍ መግባቱን ግን አስቀድመህ ለካ፤ ካልገባ ለሁለት ክፈለው። በላዩ ቁርጥራጭ ፎም በአናጢ ቪኒል ኮላ ደራርብበት። ማስቲሽ እንዳትነካ፣ ፎሙን ይበላዋል። ሲደርቅ በቢላ ፈልፍለው፣ ጫፍ ጫፉን በእጅህ ቆርሰው። ቢላ በእሳት አግለህ ቁረጥ የሚሉህን አትስማ፤ የሚቀልጥ ፎም ጭሱ መርዝ ነው፣ ያውም በጠባብ ክፍል።

እዚህ ላይ አትቸኩል። ከከተማው ወጣ ብለህ አንድ ገደል ፊት ሩብ ሰዓት ቁም። ስንጥቁ ወዴት ይሄዳል? ውሃ የሚወርድበት ጠቁሯል ወይስ ነጥቷል? ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ እኩል እኩል ጉብታ ይሠራና ገደሉን ዳቦ ያስመስለዋል።

ከዚያ የተነፋ ስሚንቶ እንደ እርጎ አቅጥነህ በብሩሽ ቀባው። በማግስቱ ወፈር አድርገህ ድገም፣ በሦስተኛው ቀን ሠልስ። ለመጨረሻው ቅብ የደጃፍህን ቀይ አፈር ነፍተህ ቀላቅልበት፤ የአገሯን ቀለም ታየዋለች። ስንጥቁን አጥቁረው፣ ጫፉን በደረቅ ብሩሽ ነጣ አድርገው፤ ጥልቀት የሚሰጠው ይሄ ነው። በደንብ ሲጠነክር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው (ይንሳፈፋልና ድንጋይ ጫንበት)፣ ውሃውን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ለውጥ። አለዚያ ከስሚንቶው የሚወጣው ኖራ ተክሉን ይጎዳዋል። ደርቆ ሲያልቅ በሲልከን ለጥፈህ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ተወው።

ከሥር ጠጠር፣ ቀጥሎ ደቃቅ ከሰል፣ ከላይ አፈር። ትንንሽ ፈርን ትከል። እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ ከሚበቅለው አረንጓዴ መዳፍህን የሚያህል ብቻ አንሳ፣ የቀረው እዚያው ይራባ። የልጅቷ መስኮት ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መሆኑ ደግ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው የተዘጋ መስታወት ተክሉን ይቀቅለዋል።

ስትልክላት በብጣሽ ወረቀት እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ መስታወቱ ጤዛ መያዙን ካቆመ ትንሽ ውሃ እርጪበት፤ ከጠጠሩ በላይ ውሃ ካቆረ ክዳኑን ሁለት ቀን ክፈቺው።