ስለ ኦርጋን ቅኝት ምርጫ

ለባሮክ ዘመን ድርሰት የሚሆን ኦርጋን ሊገዙ የሚሰበሰቡ ሰዎች ስለ ቧንቧው ብዛትና ስለ ሣጥኑ ጌጥ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ፤ ቅኝቱን ግን «እንደ ፒያኖው እኩል ይሁን» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ይህ አሠራር በቅሎ ገዝቶ ልጓሙን እንደ መንሣት ያለ ነው።

ነገሩ ከቍጥር የተነሣ ነው። ዐሥራ ሁለት ንጹሓን አምስተኛ ድምፆች አንዱ በሌላው ላይ ቢደራረቡ በሰባት ኦክታቭ ላይ ልክ አይገጥሙም፤ የግማሽ ድምፅ ሩብ የሚያህል ትርፍ ይቀራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህን ትርፍ ማን ይሸከመው የሚል ነው። እኩል ቅኝት ለዐሥራ ሁለቱ ሁሉ አስተካክሎ ያካፍለዋል። ፍርዱ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሽ ድምፅ በ100 ቢከፈል፥ ሜጀር ሦስተኛው ሁሉ ከንጹሑ ልክ በ14 ያህል ይሰፋል። የፒያኖ ድምፅ ቶሎ ስለሚሞት ጆሮ ይታገሠዋል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ አይደክምምና መንቀጥቀጡም አብሮ ይቈያል። ይልቁንም በጥንቱ ኦርጋን ውስጥ ሴስኪያልተራ የሚባለው የቧንቧ ተርታ ንጹሑን ሦስተኛ ስለሚያሰማ፥ ተጫዋቹ እርሱን ከፍቶ በእኩል ቅኝት ቢመታ ንጹሑና የሰፋው በአንድ ጊዜ ይጣላሉ።

ኢጣልያዊው ፒየትሮ አሮን በ1523 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ የተነገረለት ሚንቶን የተባለው ቅኝት ስምንት ሜጀር ሦስተኛዎችን ንጹሕ ያደርጋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከጂ ሻርፕ እስከ ኢ ፍላት ያለው አምስተኛ እጅግ ስለሚሰፋ ባለሙያዎቹ «ተኵላ» ይሉታል፤ የሰማው ሰው ስሙ እንደሚገባው አይጠራጠርም። በ1621 ያረፈው ስዌሊንክ የክሮማቲክ ፋንታዚያውን ዜማ በግማሽ ድምፅ ሲያወርደው፥ በሚንቶን አንዱ እርምጃ ሰፊ፥ ሁለተኛው ጠባብ ይሆናል፤ ኀዘኑም ያለው በዚሁ አለመተካከል ውስጥ ነው። በእኩል ቅኝት ሲመታ ግን ደረጃ እንደ መውረድ ያለ ነገር ብቻ ይቀራል።

ይህን ሰምተው «ባሮክ ከሆነ ሁሉም በሚንቶን ይሁን» የሚሉትም ተሳስተዋል። ቡክስተሁደ በኤፍ ሻርፕ ሚነር የጻፈው ፕሬሉድ ተጫዋቹን በቀጥታ ወደ ተኵላው አፍ ይወስደዋል። ቬርክማይስተር በ1691 ካሳተማቸው ቅኝቶች በዘመናችን ታዋቂ የሆነው አራት አምስተኛዎችን ብቻ አጥብቦ ስምንቱን ንጹሕ ይተዋል፤ በእርሱ በቍልፎቹ ሁሉ መጫወት ይቻላል፤ የእያንዳንዱም መልክ ልዩ ነው። ባሕ በ1722 ያዘጋጀው መጽሐፍም ርእሱ «በጥሩ የተቃኘ» ይላል እንጂ «በእኩል የተቃኘ» አይልም። ርእሱን ሳያነቡ ምስክር አድርገው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው።

ተቃዋሚዎች፥ ምእመናን በየትኛውም ቍልፍ መዘመር፥ ኦርጋኑም ከኦርኬስትራ ጋር መተባበር አለበት ይላሉ። እውነት ነው። እንዲህ ከሆነ ግን የመዝሙር ኦርጋን እንገዛለን ይበሉ፤ በውሉ ላይ «ባሮክ» የሚለውን ቃል አይጻፉ። በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ የኦርግሪተ አዲስ ቤተ ክርስቲያን በ2000 የተመረቀው ኦርጋን ሚንቶንን መርጦ፥ ችግሩን ጥቍር ቍልፎቹን ለሁለት በመክፈል አቃልሎታል። በአሜሪካ በስታንፎርድ በ1984 የቆመው ደግሞ ተጨማሪ ቧንቧ ተሰጥቶት፥ በአንድ መዘውር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ይዞራል። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡ የማይበቃው ማኅበር እንደ ቬርክማይስተር ያለውን ቢይዝ ከሁሉ ይሻለዋል።

ክራር ደርዳሪ አውታሩን ከዜማ ወደ ዜማ ይቃኛል፤ ሐርፕሲኮርድም ከማታው ጨዋታ በፊት በጥቂት ጊዜ ይቃናል። የኦርጋን ቧንቧ ግን በሺህ የሚቈጠር ነው፤ አንድ ጊዜ ያጠረ ቧንቧም መልሶ አያድግም፤ ሌላ ብረት ሊቀጠልበት ነው። ስለዚህ ገዢዎቹ የሚጫወቱትን ድርሰት ዝርዝር ለሠሪው አስቀድመው ይስጡ፤ የቅኝቱም ስም ብረቱ ሳይቈረጥ በውሉ ላይ ይጻፍ።