እኩል 24 ሰዓት የለንም

«ሁላችንም በቀን 24 ሰዓት አለን፤ ልዩነቱ አጠቃቀማችን ላይ ነው።» ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ የሥልጠና አዳራሾችና ከዩቲዩብ አነቃቂ ንግግሮች አልፎ በወረዳ የሴቶች ስብሰባ ላይ ሳይቀር ይነገራል። ሥራ የበዛበት ሰው ምን ይሁን ሲባል ምክሩ ያው ነው፤ ዕቅድ አውጣ፣ ቅድሚያ ለሚሰጠው ቅድሚያ ስጥ፣ በማለዳ ተነስ። እኔ ግን አባባሉ ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በሰው ላይ የተጫነን ሸክም የተሸካሚው ድክመት አድርጎ ማሳየቱ ነው የሚያስቆጣኝ።

የአባባሉን ልክ ለማወቅ ኩርሙክን ማየት ይበቃል። ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። እዚህ አገር ከቤተሰቡ ቀድማ የምትነሳው ሴቷ ናት፤ ማንም አሠልጣኝ ሳይመክራት። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ማሽላ ታስፈጫለች፣ ወፍጮ ቤቱ ከራቀ ወይም ናፍጣ ከጠፋ ደግሞ ራሷ በድንጋይ ትፈጫለች። ሸክሟን በትከሻዋ አግድም ባሳረፈችው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ታንጠለጥለዋለች። ሁለቱ ጫፎች ካልተመዛዘኑ ዘንጉ ስለሚያጋድል እርምጃዋ አጭርና ፈጣን ነው፤ መንገድ ላይ ቆም ብላ ማረፍ ብትፈልግ ሁለቱንም ጫፍ እኩል ማውረድ፣ ከዚያም እንደገና እኩል ማንሳት አለባት።

ውሃውን ብቻ ነጥለን እናስላው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የገጠር መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደግሞ ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠውን አገልግሎት «መሠረታዊ» ይሉታል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 150 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ጀሪካን ተኩል። በአንድ ጉዞ 20 ሊትር ቢቀዳና ደርሶ መልሱ 30 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሁሉም ነገር እንደ መስፈርቱ በተሟላበት፣ ፓምፑም ባልተበላሸበት ቦታ እንኳ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ በውሃ ብቻ ያልቃል። አሠልጣኙ «ጊዜሽን በአግባቡ ተጠቀሚ» የሚላት ሴት ቀኗን ገና ሳትጀምረው ትልቅ ክፍሉ ተወስዶባታል።

ከዚያ ወርቁ አለ። በዚህ አካባቢ የባህላዊ ወርቅ ማጠብ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ከወንዝ ዳር ወይም ከጉድጓድ የወጣውን አፈር ገበቴ ውስጥ አድርጋ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ወገቧን አጉብጣ ታወዛውዘዋለች። ቀላሉ አፈር በጠርዙ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ከታች ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ ከአሸዋው ውስጥ ደግሞ ዕድል ከቀናት ብቻ ቢጫ ቅንጣት ብልጭ ይላል። ካልቀናት ሌላ አፈር ትጨምራለች። ለዚህ ወርቅ ሲባል የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጦሩን እስከዚህ አካባቢ ልኳል፤ ኋላም የአካባቢው ገዥ ሼክ ሆጀሌ ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት በወርቅ ገብረዋል። በታሪክ መጻሕፍት የጦሩና የግብሩ ነገር ተጽፎ ይገኛል። ገበቴውን ስታወዛውዝ የዋለችው ሴት ስንት ሰዓት እንደዋለች ግን የመዘገበ የለም።

በቅርብ ዓመታት በኩርሙክ ወረዳ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት መገንባት ጀምሯል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀጠር ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠብቀዋል፤ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ ከሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል፣ ሴት ከሆነች የወሊድ ፈቃዷ 120 ቀን ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ማንም በማለዳ ስለተነሳ አይደለም፤ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ወሰን ይኑረው ብለው ስለታገሉለት ነው። ገበቴ የያዘችው ሴትም ያንኑ ወርቅ ነው የምትፈልገው፤ የእሷ ሥራ ግን ወሰን የለውም።

የጊዜ አጠቃቀም መምህራን የሚወዱት አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ ስቲቨን ኮቪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ያስፋፋው። ሥራህን በአራት ሳጥን ክፈል ይላል፤ አስፈላጊና አስቸኳይ፣ አስፈላጊ ግን የማያስቸኩል፣ እያለ። ለቢሮ ሰው ይጠቅማል፤ አልክድም። ስብሰባ የሚሰርዝ፣ ስልኩን የሚዘጋ፣ ለረዳቱ ሥራ የሚያስተላልፍ ሰው በሳጥን የሚከፋፍለው ነገር አለው። የኩርሙኳ እናት ግን ውሃውን፣ ዱቄቱን፣ የታመመውን ልጅ የትኛው ሳጥን ውስጥ ልታስገባ ነው? ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። የምትሰርዘው የላትም፤ የምታስተላልፍላት ካለችም የምታስተላልፈው ለሴት ልጇ ነው፣ ያኔ የሚቀረው ደግሞ የልጅቷ ትምህርት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ስፖርት ሠርቶ፣ መጽሐፍ አንብቦ፣ «ሩጫ ላይ ነኝ» እያለ ቢሮ የሚገባውን ሰውም ጠጋ ብለን እንየው። ቁርሱን ማን ሠራው? ልጆቹን ማን አለበሰ? ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀድማ የተነሳች የቤት ሠራተኛ ናት። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ እሷን ከሽፋኑ ውጪ ስላደረጋት የስምንት ሰዓቱ ወሰን አይመለከታትም። ሰውየው ጊዜ ያገኘው ከሌላ ሰው ጊዜ ላይ ነው። ይህን ደብቆ «እኔ ቻልኩ፣ አንቺም ትችያለሽ» ማለት ትልቅ በደል ነው።

ደግነት ለብሶ የሚመጣው ጥፋት ደግሞ ይብሳል። ሴቶችን ለማብቃት በሚል የሚዘረጋው ፕሮግራም ሁሉ የሚጠይቃት ጊዜ ነው፤ የቁጠባ ስብሰባ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ፣ አንድ ለአምስት። የሴቶች ልማት ሠራዊት በአገር ደረጃ ሲዘረጋ ጎረቤቶቿን እየዞረች ስለ ክትባትና ስለ ንጽህና የምታስተምረው እናት በነፃ ነበር የምትሠራው። የጤናው ውጤት በጎ ሊሆን ይችላል። ግን የእሷ ሰዓት ዋጋ እንደሌለው የወሰነው ማን ነው? የኩርሙኳ እናት ከጠዋት እስከ ማታ የምትሠራው ሳያንስ አሁን ደግሞ ሸክሟን እንዴት አደራጅታ መሸከም እንዳለባት ለመማር ግማሽ ቀን ትቀመጣለች፤ ማታ ስትመለስ ጀሪካኑ ባዶውን ይጠብቃታል።

«ባህል ነው፣ ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው» የሚለው መከራከሪያም አያሳምነኝም። ውሃ በሚሸጥባቸው ብዙ የአገራችን ከተሞች ጀሪካን በአህያ ጋሪ ጭኖ የሚዞረው በአብዛኛው ወንድ ነው። ገንዘብ ሲያስገኝ ወንድ የሚሠራው፣ ለቤት ሲሆን ሴት የምትሸከመው ሥራ ከሆነ ነገሩ የባህል ሳይሆን የክፍያ ነው። ወንዱ ውሃ መቅዳት ያውቅበታል፤ ለገዛ ቤቱም ሊቀዳ ይችላል።

እንግሊዛዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ዳያን ኤልሰን የቤት ውስጥ ሥራ እውቅና ይሰጠው፣ ይቀነስ፣ ይከፋፈል ብላ ከተከራከረች ዓመታት አልፈዋል። በኩርሙክ ሦስቱንም ማድረግ ይቻላል። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በዚህች ከተማ በኩል የገቡት ስደተኞች በውሃ ነጥቡ ላይ ያለውን ወረፋ ሊያስረዝሙት ስለሚችሉ ጉዳዩ ይበልጥ ያጣድፋል። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከሴቷ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚቀንስ ወይም እንደሚጨምር በጽሑፍ ይቅረብለት። የሚጨምር ከሆነ ይመለስ። ለጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና የተያዘ አበል ካለም ለእጅ ፓምፕ መለዋወጫና ለወፍጮ ይዙር፤ የቀረው ገንዘብ ወርቅ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ልጆች የሚውሉበት ጥላና ሞግዚት ይሁን። አሠልጣኞቹም መምጣታቸው ካልቀረ ወንዶቹን ይሰብስቡ።