አሥራ አምስተኛው ሰው

የደረጃ ሰንጠረዥ ስናነብ ዓይናችን ከላይ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። ማን አሸነፈ፣ ማን ዋንጫ ወሰደ፣ ለማን ስንት ተከፈለ… ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለቁጥር ማሟያ የተቀመጠ ይመስለናል። ይሁን እንጂ 12 ቡድኖች ባሉበት ሊግ አንዱ የግድ 12ኛ ይሆናል። ያ ቡድን ሲሸነፍ ከርሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባይመጣ ኖሮ፣ አንደኛው ማንን አሸንፎ አንደኛ ይባል ነበር? እንደ እኔ እምነት የአንድን ሊግ ክብር የሚሸከመው ተሸንፎም ቀጠሮውን የሚያከብረው የታችኛው ቡድን ነው። ይህንን ከእንግሊዝ የራግቢ ዩኒየን የታችኛው እርከን ሊጎች አብልጦ የሚያሳይ ስፍራ አላየሁም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ልበል። ራግቢ ዩኒየን 15 ለ15 ሆነው ለ80 ደቂቃ የሚጫወቱት ነው። ኳሷ የእንቁላል ቅርጽ አላት። ወደ ፊት ይዟት መሮጥ ወይም በእግር መምታት ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል የሚፈቀደው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ከተቃራኒው ቡድን የግብ መስመር ባሻገር መሬት ያስነካት 5 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ትራይ ይባላል። የእንግሊዝ ሊጎች እንደ ፒራሚድ የተደረደሩ ናቸው። ጫፉ ላይ ደመወዝተኞች አሉ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው እርከን የክልል ሊጎች ናቸው፤ ከእነርሱ በታች የየአውራጃው ሊጎች ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተደረገው የመዋቅር ለውጥ ወዲህ አንድ የክልል ሊግ በተለምዶ 12 ቡድኖች አሉት፤ በሜዳና ከሜዳ ውጪ 22 ጨዋታ ማለት ነው። ያሸነፈ 4፣ አቻ የወጣ 2 ነጥብ ያገኛል። 4 ትራይ ላስቆጠረ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል፤ በ7 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈም እንዲሁ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ደስ ትለኛለች፤ ሽንፈትም ደረጃ እንዳለው ታውቃለችና።

ውድድሩ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። ሜዳው ገና ደረቅ፣ ተስፋውም ገና ሙሉ ነው፤ ሁሉም ዜሮ ነጥብ ስላለው ሁሉም እኩል ነው። በኖቬምበር ዝናቡ ሜዳውን ያጨቀየዋል፤ ሁለቱን ማሊያዎች በቀለም መለየት ያስቸግራል። በጃንዋሪ ውርጩ መሬቱን ድንጋይ ያደርገውና ጨዋታ ይሰረዛል፤ የተሰረዘውም ወደ ፀደይ ይገፋል። ተጫዋቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግንበኛ፣ መምህር፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም ገበሬ ነው። ዳኛው ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ በመስመሩ ዳር ባንዲራ የሚይዙትን ክለቦቹ ከየአባሎቻቸው ያቀርባሉ። ሣሩን የሚያጭደው፣ መስመሩን በነጭ ቀለም የሚያሰምረው፣ ከጨዋታ በኋላ ምግብ የሚያቀርበው በጎ ፈቃደኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲጋፉ የዋሉት ሰዎች ማታ በአንድ አዳራሽ አብረው ይበላሉ።

ከቅዳሜው ግጥሚያ በፊት ግን ሌላ ግጥሚያ አለ፤ ሐሙስና ዓርብ ማታ በስልክ የሚካሄደው። አንዱ ሠርግ አለበት፤ የሌላው ትከሻ ገና አልዳነም፤ ሦስተኛው የሌሊት ተረኛ ነው። አምበሉ 12፣ 13፣ 14 ብሎ ይቆጥርና ይቆማል። 15ኛው ማን ነው? ሰው መገኘቱም ብቻውን አይበቃም። ስክረም በሚባለው፣ ስምንት ለስምንት ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው በሚገፋፉበት ፍልሚያ፣ ከፊት የሚሰለፉት ሦስቱ ለቦታው የሠለጠኑ መሆን አለባቸው፤ አንገት ሊጎዳ የሚችልበት ቦታ ነውና። እነርሱ ካልተሟሉ ሕጉ መገፋፋቱን ያስቀረዋል። ስለዚህ መጫወት ካቆመ የቆየው የ45 ዓመት ጎልማሳ ይደወልለታል። እርሱም ጫማውን ፈልጎ ይመጣል። ለምን? ዋንጫ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ጋዜጠኛ የለ። የሚመጣው እርሱ ከቀረ 14ቱም ስለሚቀሩ ነው።

ያለ ክፍያ መጫወት ሁልጊዜ የሚመሰገን ነገር እንዳልነበረ እዚህ ላይ መናገር ይገባል። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር በ1871 በለንደን በ21 ክለቦች ሲመሠረት መሪዎቹ ኑሮ የሞላላቸው ሰዎች ነበሩ። የሰሜኑ ማዕድን ቆፋሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ቅዳሜ ሲጫወት የቀን ደመወዙ ይቀርበት ነበር። የሰሜን ክለቦች ይህንን የቀረ ደመወዝ እንተካ ቢሉ ተከለከሉ፤ በ1895 በሀደርስፊልድ ከተማ ተሰብስበው ተገነጠሉ። በኋላ 13 ለ13 የሚጫወቱት ራግቢ ሊግ የተወለደው ከዚያ መለያየት ነው። ዩኒየኑ በበኩሉ ሊግ ክፍያን ያመጣል ብሎ ሲፈራ ኖሮ፣ አገር አቀፍ የሊግ መዋቅር የዘረጋው በ1987 ነው፤ በስምንተኛው ዓመት፣ በ1995፣ ክፍያ ተፈቀደ። እንግዲህ የታችኛውን ሊግ ሳወድስ የ1895ቱን ነገር ዘንግቼ አይደለም። የሠራተኛን ደመወዝ አስቀርቶ «ለፍቅር ተጫወት» ማለት ግፍ ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቅዳሜውን ሲሰጥ ግን ስጦታ ነው።

ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በ1861 የተመሠረተው የሪችመንድ ክለብ በባለሀብት ገንዘብ ወደ ላይ ወጣ፤ ገንዘቡ ሲቋረጥ በ1999 ደመወዝተኛው ቡድን ፈርሶ ከለንደን አይሪሽ ጋር ተቀላቀለ። አባላቱ ግን ክለቡን አልቀበሩትም። ከታችኞቹ የአካባቢ ሊጎች ጀምረው፣ እርከን በእርከን ወጥተው፣ በ2016 ሁለተኛው እርከን ደረሱ። በ2022 ደግሞ የአውሮፓን ዋንጫ 2 ጊዜ የወሰደው ዋስፕስ በዕዳ ወደቀ፤ በ2023 የሪችመንድን ቡድን የዋጠው ለንደን አይሪሽ ራሱ ከሊጉ ወጣ። ሪችመንድ ዛሬም ይጫወታል። ከላይ የሚወድቀውን የሚቀበለው የታችኛው መሬት ነው፤ ያ መሬት ከተሸረሸረ ግን የወደቀው የሚያርፍበት የለም።

«በየሳምንቱ 60 እና 70 ነጥብ የሚቆጠርበት ቡድን በሊግ ለምን ይሰቃያል? የወዳጅነት ጨዋታ አይበቃውምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ክብደት አለው። ሰፊ ሽንፈት ወጣቶችን ያሸሻል፤ ማደግም ቢሆን ለትንሽ ክለብ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ማለት ነው። ሆኖም የወዳጅነት ጨዋታ ሲመች የሚገኙበት፣ ሳይመች የሚቀሩበት ነው። ሊግ ግን ቃል ኪዳን ነው፤ 11 ሌሎች ክለቦች መምጣትህን ቆጥረው ቅዳሜያቸውን አዘጋጅተዋል። ፎርፌ ሲሰጥ ባለሜዳው ነጥብ ያገኛል፤ ምግቡ ግን ሳይበላ ይቀራል፣ የክለቡ መጠጥ ቤት ባዶውን ይውላል፣ 15 ሰዎች ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የ2019–20 ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት በማርች 2020 ተቋርጦ ደረጃው በስሌት ተወሰነ፤ ቀጣዩ ዓመት በታችኞቹ እርከኖች ያለ ሊግ አለፈ። ያን ጊዜ አንደኛውም 12ኛውም እኩል ቅዳሜ አልባ ሆኑ።

ስለዚህ ማኅበሩ በታችኞቹ እርከኖች ቡድኖች ተስማምተው ከ15 ባነሰ ቁጥርም ቢሆን እንዲጫወቱ መፍቀዱን እደግፋለሁ። ጨዋታው ተዋረደ የሚሉትን እረዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን 12 ለ12 ሆኖ ጭቃ ላይ የተደረገ ግጥሚያ በወረቀት ላይ ከተጻፈ ፎርፌ ይበልጣል። ከዚህም አልፌ፣ 22ቱንም ጨዋታ ሳያጓድል የጨረሰ ቡድን፣ 22ቱንም ተሸንፎ ቢሆን እንኳ፣ በሰንጠረዡ ላይ ምልክት ሊደረግለት ይገባል እላለሁ።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም የሚተርፍ ነገር አለ። ጨዋታው ስሙን ያገኘው ከራግቢ ትምህርት ቤት ነው፤ ያንንም ትምህርት ቤት ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ባሳተመው «የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ቀናት» በተባለው ልብ ወለድ ዝነኛ አድርጎታል። ዴቪድ ስቶሪ በ1960 «ይህ ስፖርታዊ ሕይወት» ብሎ የጻፈው ስለ ራግቢ ሊግ ተከፋይ ተጫዋች ነው። የሀብታሙ ተማሪ ደራሲ አግኝቷል፤ ሥጋውን በደመወዝ የሸጠውም አግኝቷል። በኤፕሪል የመጨረሻ ቅዳሜ፣ መውረዱ ቀድሞ የተረጋገጠ ቡድን፣ ለመዳን ሳይሆን 22ኛውን ጨዋታ ለመጫወት በሰዓቱ ሲደርስ ግን ማን ይጽፍለታል? አምበሉ ማሊያ ያድላል፤ 13፣ 14 ይላል፤ ቀና ሲል ያ ጎልማሳ ጫማውን እያሰረ ነው።