ቃጭልና ዶቃ፦ ፈረስ የራሱን ድምፅ እስኪለምድ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ፈረስ የሚችለውን ያህል ቢያገለግልም የቀረው ኃላፊነት የሰው መሆኑን በውል የተረዳሁት ግን ከጦር አካዳሚ ተመርቄ በአንድ ደጋማ ጦር ሰፈር ሳገለግል፣ በራሴ ስሕተት ነው። የተከበራችሁ የሠራዊቱ አባላትና ባለቤቶቻችሁ፣ በዛሬው አምዳችን ያን ስሕተት ሳልሸሽግ አወጋችኋለሁ።

በሰፈሩ መኪና ወደማይደርስባቸው ምሽጎች ስንቅ የሚያመላልሱ ጥቂት በቅሎዎችና ሁለት ፈረሶች ነበሩ። አንድ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ፈረሶቹ በዶቃና በቃጭል አጊጠው በሰልፉ ፊት እንዲያልፉ አዘዝሁ። ዶቃውን ቀይና ቢጫ እያፈራረቀች የሰካችው የአንዱ ጋላቢ ወታደር ባለቤት ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እንስሳቱን የሚጠብቁት በዕድሜ የገፉ ሃምሳ አለቃ ትእዛዙን ሲሰሙ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ፈረስ ቃጭል አያውቅም፤ ጊዜ ይስጡኝ» አሉኝ። እኔም፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ቃጭል ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ ልምምድ አያሻውም» ብዬ መለስሁላቸው።

በበዓሉ ዕለት ቃጭሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታሰረ። ፈረሱ ጥቂት እንደተራመደ ከገዛ አንገቱ ሥር የሚወጣው ድምፅ አስበረገገው። በሮጠ ቁጥር ድምፁ በረታ፤ ድምፁ በበረታ ቁጥር ሩጫው ባሰ። ከራሱ ድምፅ የሚሸሽ ፈረስ የሚያርፍበት ስፍራ የለውም። ጋላቢው ከሜዳው ዳር ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰበረ፤ ባለቤቱም ከተመልካቹ መካከል ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ማምሻውን ልጠይቃቸው ቤታቸው ስገባ ወቀሳ ስጠብቅ፣ «መቶ አለቃ፣ ዶቃውን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ እባክዎ ፈረሱ እንዳይመታ» አለችኝ። ከወቀሳ ይልቅ ይህ ንግግር ከበደኝ።

በማግስቱ ወደ ጋጣው ሄጄ ሃምሳ አለቃውን ይቅርታ ጠየቅሁና እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። እርሳቸው የአገው ምድር ተወላጅ ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና ፈረስ በዐድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ የሚያስበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሶቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው በሺህ ሕዝብ መካከል ሲያልፉ እያዩ ነው ያደጉት። አባቶቻችን ፈረስን ምን ያህል እንዳከበሩት ለማወቅ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ተብለው በፈረስ ስማቸው መጠራታቸው ይበቃል። «ሰው የሚያየው ጌጡን ነው፤ ከጌጡ በፊት ያለውን ድካም ግን ባለፈረሱ ብቻ ያውቀዋል» አሉኝ።

እንደሚታወቀው የፈረስ ዋነኛ መከላከያው ሽሽት ነው። ሁለቱን ጆሮዎቹን ለየብቻ እያዞረ ያዳምጣል፤ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ጭምር ይሰማል። በመሆኑም ለእኛ ደስ የሚል ቅጭልታ ላልለመደ ፈረስ የአውሬ ኮሽታ ሊሆንበት ይችላል።

ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቃጭል ብቻ ከግርግሙ ራቅ አድርገው ሰቀሉ። ፈረሱ ገብሱን ሲበላ በእጃቸው ቀስ ብለው ነካ ያደርጓት ነበር። ጆሮው ሲረጋ ቀረብ፣ ሲቆም ራቅ ያደርጓታል። ከቀናት በኋላ ቃጭሏን በመዳፋቸው አፍነው ትከሻውን አሻሹበት፤ ቀጥሎም አንገቱ ላይ አስረው በታጠረ ግቢ ውስጥ በእግር ሳቡት። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በረዥሙ ካልተነፈሰ በቀር ሁለተኛ ቃጭል አይታከልም። ጋላቢ የወጣበት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቃጭል ከጌጥነት ያለፈ አገልግሎት እንዳለው አየሁ። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ አራቱ ኮቴዎች ተራ በተራ ያርፋሉ፤ በሶምሶማ ጊዜ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚያርፉ ቃጭሉ እኩል ይመታል። ምቱ ሲዛነፍ ጋላቢው ወርዶ እግሩንና ኮቴውን ይመርምር፤ ማነከሱን ዓይን ሳያየው ጆሮ ይሰማዋል። ከዚህም ሌላ ቃጭል በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ከወዲያ ለሚመጣው መንገደኛ ያስታውቃል፤ በጉም የጠፋ እንስሳም ይገኝበታል። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጄኔራል ጆርጅ ክሩክ በበረሃና በተራራ ሲዘምት ስንቁን በበቅሎ ያጓጉዝ ነበር፤ በእንዲህ ያለው የጭነት ጉዞ በቅሎዎቹ ቃጭል ያሰረችን አንዲት ባዝራ ተከትለው ይሄዱ ነበር። በቅሎ የለመዳትን ባዝራ ድምፅ እስከሰማ ድረስ በጨለማም ቢሆን ርቆ አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ወታደር ድምፅ የሚፈለግበትን ጊዜ ከማይፈለግበት ይለያል። ዝምታ ሕይወት በሆነበት ጉዞ ቃጭል ይፈታል፤ ለመፍታት ጊዜ ባይኖር ምላሱ በጨርቅ ይጠቀለላል። ፈረሱ ለግጦሽ ሲለቀቅም ጌጡ ይወልቃል፤ ቁጥቋጦ ይዞ ያንቀዋልና። ሌሊቱን ሙሉ የሚንቃጨል ፈረስም አያርፍም።

ይህን ጌጥ በቤታችሁ ለምትሠሩ እኅቶችም ያቺ የወታደሩ ባለቤት ያስተማረችንን ላካፍላችሁ። ዶቃው የሚሰካበት ክር ሰው በእጁ ሲስበው የሚበጠስ የጥጥ ክር ይሁን፤ ጠፍርና ሽቦ ግን ፈረሱ በቅርንጫፍ ቢያዝ አይለቁትም። በየዶቃው መካከል ቋጠሮ ይደረግ፤ ክሩ ቢበጠስ አንዱ ብቻ ይወድቃል እንጂ ሁሉም ተበትኖ ሕፃን አንሥቶ አይውጠውም። ጌጡ ከአንገቱ ሥር ላላ ብሎ ይዋል እንጂ ከልጓሙ ጋር አይታሰር። ከግልቢያ በኋላ ላቡ ይጠረግ፤ ጠጉሩ የተላጠበት ቦታ ከታየ እስኪድን ድረስ ጌጡ ይቆይ።

በዓመቱ ያው በዓል ሲመጣ ክንዱ የዳነው ወታደር በዚያው ፈረስ ላይ፣ ያንኑ ቀይና ቢጫ ዶቃ አስሮለት በፊታችን አለፈ። ቃጭሉ እንደ ሰልፈኛ ርምጃ እኩል ይመታ ነበር። ባለቤቱ ልጇን አዝላ ከዳር ቆማለች፤ ሕፃኑ ድምፁን ሰምቶ ነቃ፣ ግን አላለቀሰም። ሃምሳ አለቃውን ዞር ብዬ ባያቸው ዓይናቸው ከፈረሱ ጆሮ ላይ አልተነሣም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ከመስጠቴ በፊት ሥራውን የሚያውቀውን ሰው እጠይቃለሁ። አዲስ ምልምል በእጃችሁ ያለ አዛዦች፣ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆችም፣ ሸክሙንና ደወሉን ሁሉ በአንድ ቀን አትሰሩበት፤ መጀመሪያ አንዲቱን ይልመዳት። ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።