ዕቃ ሲሰበር ማን ይክፈል?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሰፈራችን በአይሱዙ ይሞላል። ከጎፋ ወደ ጀሞ፣ ከሳሪስ ወደ ለቡ ልጆቻችን ቤት ይቀይራሉ። እኛ ወላጆች ደግሞ "እማዬ፣ ቡፌው ተሰበረ፤ ምን ላድርግ?" የሚል ስልክ እንቀበላለን።

የጎረቤቴ ልጅ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባች። ሊፍት የለም። ፍሪጁ ደረጃው ላይ ተጋጭቶ በሩ ጎበጠ። ሾፌሩ "እኔ ያከራየሁት መኪና ነው" አለ። አውራጆቹ "ስንረከበውም እንዲሁ ነበር" አሉ። ያገናኛት ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስልክ አያነሳም። በእጇ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። በሽማግሌ ተቀምጠን፣ ሾፌሩና አውራጆቹ የጥገናውን ግማሽ ከፈሉ፤ ቀሪውን እሷ ቻለችው።

በነርስነት ዘመኔ ተረኛ ለተረኛ ሕመምተኛ የሚያስረክበው በመዝገብ ነበር። ጀርባው ላይ ያለው ቁስል ሲገባም ነበረ ወይስ እኛ ዘንድ ተኝቶ ወጣበት? ካልተጻፈ ጠብ ነው። የፍሪጅ በርም ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ መኪናው ሳይመጣ ዕቃውን ከየጎኑ ፎቶ አንሱ፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ደግሞ እየሠሩ በቪዲዮ ይቀረጹ። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ዋጋ ከተስማማችሁት ሰው ጋር ተፈራረሙ፤ ስሙ፣ ስልኩና ታርጋው ይግባ። ከሁሉ የምትበልጠው መስመር ግን "ከቤት ወጥቶ ቤት እስኪገባ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊው እኔ ነኝ" የምትለዋ ናት። ሾፌሩ "አውራጆቹን አላውቃቸውም" የሚል ከሆነ ያኔውኑ ይናገር፤ ከእነሱ ጋር ለብቻ ትዋዋላላችሁ። የከተማው አስተዳደር ባለንብረቱ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ጉልበት ማውረድ እንደሚችል ደጋግሞ አስታውቋል። እንዲያ ካደረጋችሁ ግን የወንድማችሁ ልጅ የጣለውን ከማንም አትጠይቁም።

ቀሪው ሂሳብ ዕቃው ከተፈተሸ በኋላ ይከፈል። የተጎዳ ነገር ካለ እዚያው ዝርዝሩ ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ "ነገ እናየዋለን" የሚሉትን አትስሙ። ከዚያ ከሁለት ጠጋኞች ዋጋ ጠይቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሉን ያልፈጸመ ወገን ኪሣራ እንዲከፍል ያደርጋል፤ ከተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል። ለምሳሌ በጎኑ ተኝቶ የመጣ ፍሪጅ የኮምፕረሰሩ ዘይት እስኪመለስ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወዲያው ሰክታችሁት ቢቃጠል ለሾፌሩ መከራከሪያ ሰጣችሁት።

አጠያየቃችንም ልክ ይኑረው። አሥር ዓመት ያገለገለ ቡፌ በአዲስ ዋጋ ይተካ ማለት አይገባኝም። በጀርባው ቁም ሣጥን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ልጅ ከየት ያመጣዋል? እኔ ብሆን የምጠይቀው ጥገናውን ነው።

ማንም ሊተካው የማይችለውን ግን አትጫኑ። የቤቱን ካርታና የቤተሰብ ፎቶ በእጅ ያዙ። የአያት ኢንሱሊን ፍሪጁ ውስጥ እንዳለ መኪና ላይ ሲወጣ አይቻለሁ! በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረዶ በቀጥታ ሳይነካው፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ከአያት ጋር ይሂድ፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል። አዲሱ ቤት ፍሪጁ ቆሞ እስኪሰካና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ምንም አይደል።