ተጽፎ ያልተገኘው ጽሑፍ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላንና አካባቢዋን ያቋረጠው የቀለበት ግርዶሽ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፀሐይን በባዶ ዓይን መመልከት ስለሚያስከትለው ጉዳትና ምስሏን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ በወረቀት ላይ ስለ ማየት አራት ገጽ ጽፈን በአንድ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠን ነበር። በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ስለነበር ተማሪዎቻችንን ለማግኘት ሌላ መንገድ አልታየንም። ትምህርት ሲከፈት ግን «በአማርኛ ፈልገን አጣን፤ ለምን አልጻፋችሁልንም?» የሚል ወቀሳ ጠበቀን።

ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ያስቀመጥነው የታተመውን ወረቀት በስካነር አንስተን ስለነበር፣ ለሰው ዓይን ጽሑፍ የሆነው ለኮምፒውተሩ ፎቶግራፍ ነበር። ሥዕልን ወደ ፊደል የሚመልሱ ፕሮግራሞች ቢኖሩም የደበዘዘ የአማርኛ ገጽ በአግባቡ እንዲያነቡ መጠበቅ የዋህነት ነው። የገጹ ርዕስም «ሰነድ 3» ይል ነበር። ግርዶሽን የሚፈልግ ሰው «ሰነድ 3» ብሎ እንደማይጠይቅ ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም።

እንደ ጉግል ያለ የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር ዓለሙን ሁሉ አያስስም። አስቀድሞ ሮቦት የሚባሉ ፕሮግራሞቹን ከገጽ ወደ ገጽ እየላከ፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናገኘው ያለ የቃላት ማውጫ ያዘጋጃል። ሮቦቶቹ በአብዛኛው የሚጓዙት ሊንክ በምንለው አገናኝ ስለሆነ፣ ማንም ያላገናኘው ገጽ መንገድ ያልገባለት መንደር ይሆናል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የስታንፎርድ ተማሪዎች የነበሩት ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ ያቀረቡት ዘዴ፣ ያለ ዓላማ የሚንከራተት አንባቢን ያስባል። ይህ አንባቢ ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ባለበት ገጽ ከሚገኙት አገናኞች አንዱን በዕጣ ይከተላል፤ በቀረው 15 ወደ ሌላ ማናቸውም ገጽ ይዘላል። ጉዞው እጅግ ሲረዝም በእያንዳንዱ ገጽ የሚገኝበት ዕድል በአንድ ቁጥር ላይ ይረጋል፤ ያ ቁጥር የገጹ ደረጃ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚዋልል ቅንጣትን ያጠና ተማሪ ሒሳቡን ያውቀዋል። ዛሬ መመዘኛው ብዙ ቢሆንም አገናኝ ዋጋውን አላጣም። የየትምህርት ክፍሉ ገጾች ግን እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ እምብዛም አናይም።

የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በጸ ወይም በፀ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይወጣል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን ሀ ቁጥሩ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። የፍለጋ ሞተሩ ያቀራርብልናል ብሎ መተማመን አይበቃም። በርዕሱ መደበኛውን አጻጻፍ ይዘን፣ ሰው አዘውትሮ የሚጽፈውን ሌላውን መልክ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብናነሣ ነውር የለበትም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ ፎንቶች የተጻፉት ብዙ ሰነዶች ለማሽኑ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ እነርሱም መለወጥ አለባቸው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ሁሉ የነጋዴ ሥራ ይሉታል። በከፊል እውነት አላቸው፤ አንድን ቃል መቶ ጊዜ የሚደጋግሙ፣ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም የሚጽፉ አሉ። የፍለጋ ድርጅቶቹ ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥሩታል። ቁልፍ ቃላትን በገጹ ስውር ክፍል መደርደርም ቢሆን፣ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ለገጽ ይዘቱን የሚናገር ርዕስ መስጠት ግን ማጭበርበር አይደለም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም በካርዱ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ፤ በሉክሶር ሙሉ ሲሆን በአገራችን በከፊል ይታያል። አራቱን ገጾች በዩኒኮድ እንደገና ጽፈን «የፀሐይ ግርዶሽን ያለ ጉዳት እንዴት እንመልከት?» የሚል ርዕስ ሰጥተናቸዋል። የትምህርት ቤት ወይም የክበብ ድረ ገጽ ያላችሁ አንባቢያን ከገጻችሁ አንድ አገናኝ ብትሰጡን ውለታ እንቆጥረዋለን።